ስድስት ሰዓት ሌሊት፣ አልጋ አሥራ አንድ

ከመስኮቱ በታች ቸርችል ጎዳና ዝም ብሏል፤
አንድ ሚኒባስ ብቻ ወደ ለገሃር ይወርዳል፣
ረዳቱ በሩ ላይ ማንንም ሳይጠራ ቆሟል።
እኔ እዚህ ከፎቅ ላይ ከቁምሳጥን እታገላለሁ፣
የመድኃኒቱን ቁልፍ ግራ ቀኝ አዞራለሁ፤
ግማሽ ዞሮ ይቆማል፤ በትከሻዬ እገፋለሁ።

ከአልጋ አሥራ አንድ ሳል የመሰለ ሳቅ ይወጣል፦
«ሲስተር ወይንሐረግ፣ ሰው ቁልፍ ይቆጣል?
እርሳስ ፈቅፍቂና ዱቄቱን አቅምሽው፤
እሺ ብሎ ይዞራል፣ ሳትሰድቢው፣ ሳትለምኝው።»

ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ከአምባሳደር ማዶ ጃንጥላ ዘርግተው
የስንቱን ቤት ቁልፍ በሞረድ አዋልደው፣
አንድ ቀን ስለታም ብረት እግራቸው ላይ ወድቆ
ስኳር ያደነዘዘው እግር ሳይነግራቸው፣ ቁስሉ ጠልቆ፣
በሳምንቱ ጫማው ጠበበ፤ በአሥረኛው ቀን ሸተተ፤
ትኩሳቱ አርባ ገብቶ ምላሳቸው ተጎተተ።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ መርፌ ከማንሳቴ በፊት፦
«ፔኒሲሊን ተወግተው ያውቃሉ?
ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር?»
«ልጅ ሆኜ ቡታጅራ ድሬሰሩ ወግቶኛል፤
ከሱ የተረፈኝ ቂም ብቻ ነው።»
ልጃቸው ሰናይት ጮኸች፦ «አባቴ እየነደደ ጥያቄ ታበዢያለሽ?»
አላወቀችም።
በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ሳልጠይቅ ወግቼ፣
የአንዲት ወጣት ከንፈር ሲነፋ፣ ዓይኗ ሲደፈን አይቼ፣
አድሬናሊን ፍለጋ በኮሪደሩ ሮጫለሁ።
ተረፈች። ቤቷ ገባች።
እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ኮሪደር እሮጣለሁ።
ስለዚህ፣ ካርዱ ላይ ቢጻፍም፣ እጠይቃለሁ።

«ብልቃጡ ውስጥ ለምን ሁለት?» አሉኝ በሦስተኛው ቀን፣ ነፍስ ሲዘሩ።
«አንዱ ገዳይ ነው፤ ጀርሙ ግን መቀስ አለው፣
ገዳዩን ሳይደርስበት ይቆርጠዋል፤
ሁለተኛው...»
«ቆይ። ሁለተኛው መቀሱ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል።
ገባኝ። ሌባ ሲያስቸግረን ሠፈራችን
የተሰበረ ቁልፍ እንቀረቅራለን ቀዳዳው ውስጥ፤
ሲነካካ ያድራል፣ ቁልፉም አይወጣለት።
ያ ቁልፍ ግን፣ ሲስተር፣ ዳግም ቁልፍ አይሆንም።»
ዝም አልኩ። ኮሌጅ ያስተማሩኝ መምህር
በሁለት ሰሌዳ ሙሉ እንዲህ አላስረዱኝም ነበር።

ውሃውን ጨምሬ በመዳፌ አሽከረክራለሁ፣
ብርሃን ላይ አንስቼ አያለሁ፤
አንዲት ቅንጣት ካልሟሟች እጠብቃለሁ።
ሌላ መድኃኒት በዚያው ቱቦ አብሮት አይሄድም፤
ዶክተሩ ኩላሊታቸውን አይቶ የቆረጠው መጠን አይጨመርም።
ግማሽ ሰዓት ይንጠብጠብ።
ትናንት ሰናይት ቶሎ እንዲያልቅ መቆጣጠሪያውን ስትከፍት ደረስኩ፤
እጇን ይዤ መለስኩ። አልተቆጣኋትም፤
የታክሲውን ሰልፍ እኔም አውቀዋለሁ።

ዛሬ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ወረደ፤ ጋሽ ሽብሩ ጫማ ጠየቁ።
ፌስታሉን አነሱ፦ ስድስት ብልቃጥ፣
ሰናይት ሐብሏን ሸጣ የገዛችው።
«እኔ ድኛለሁ። ይኼ ለእንድሪስ ልጅ ይሁን፤
ሌሊት ሌሊት ሲያስለው ግድግዳው ይነግረኛል።»
«ጋሽ ሽብሩ፣ የአንዱን ቤት ቁልፍ ለሌላው ይሰጣሉ?
በሩን ሳያዩ?»
ጣሪያውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ።
«ቁልፍ ቀራጭ በራሱ ሞረድ ሲሞረድ!» አሉ፤
ጫማውን ከአልጋው ሥር ገፉት።
ልጁ ነገ ካርድ እንዲያወጣ የሕፃናት ክፍሉን በወረቀት ጻፍኩላቸው።
መሳሉ ግን አሁንም እየተሰማቸው ይመስለኛል።

ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት አሥር፣ ሌሊት ስድስት፤
ሰዓቱ ደረሰ።
ከሪፖርት ደብተሩ ላይ እርሳስ አነሳሁ፣ ፈቀፈቅኩ፣
የቁልፉን ጥርስ ዱቄት አስልሼ ቀስ ብዬ መለስኩ።
ጠቅ።
ከአልጋ አሥራ አንድ ማንም አልሳቀም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል።
ክንዳቸውን ዳሰስኩ፤ መርፌው ያለበት አልቀላም፣ አላበጠም።
ቀሰቀስኳቸው።
«ስምዎ ማን ነው?»
«ታውቂው የለ እንዴ!»
«ይንገሩኝ።»
ነገሩኝ። ጠብታው ጀመረ።